ሰርቨሩ ከመገዛቱ በፊት፦ የኮር ቆጠራና የዲስክ ልኬት

ቀን 1

ያለን አንድ አሮጌ ማሽን ነው። ዶሜይን ኮንትሮለሩም (የተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጠው)፣ የሂሳብ ፕሮግራሙም፣ የጋራ ፋይሎቹም አንድ ዊንዶውስ ላይ ተደራርበው ነው የሚኖሩት። አንዱን ለማደስ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ሰው ሥራ ያቆማል። አሁን አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ ተፈቅዷል፤ እኔም ሥራዎቹን በየራሳቸው ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) ለይቼ ላስቀምጥ ነው። ሠራተኞቹ 14 ናቸው፣ ሰርቨሩ አንድ፣ ሁለተኛ የምንገዛበት በጀት የለም። ስለዚህ የሚገዛው ከመጀመሪያው ልክ መሆን አለበት። ይህን ማስታወሻ የምይዘው እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተወሰነ ከዓመት በኋላም ተመልሼ ማየት እንድችል ነው።

በወረቀት ላይ ያሰፈርኩት የመጀመሪያ ዝርዝር፦ ዶሜይን ኮንትሮለር በዊንዶውስ፣ ሂሳብ ከነዳታቤዙ በዊንዶውስ፣ ፋይል ሰርቨር በዊንዶውስ፣ የኔትወርክ ክትትል በሊኑክስ፣ አንድ መሞከሪያ። አምስት ማሽን ማለት ነው። ከአቅራቢ የመጣው የዋጋ ማቅረቢያ ባለ 24 ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋባይት ራም፣ አራት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ የሚያጣምር አደረጃጀት) ይላል። ከሥሩ «ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ፣ 16 ኮር፣ ብዛት 1» የሚል መስመር አለ። 24 እና 16 አልገጠሙልኝም። ነገ ከዚያ እጀምራለሁ።

ቀን 2

ሙሉ ቀን ላይሰንስ ስቆጥር ዋልኩ። ከዲስክ በፊት ይህ መቅደሙ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩን የሚመርጠው ላይሰንሱ ሆኖ አገኘሁት።

የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ሕግ እንዲህ ነው። የሚቆጠረው የሰርቨሩ ፊዚካል ኮር ነው፤ ለቨርቹዋል ማሽኑ የሰጠነው ኮር አይደለም። በማሽኑ ውስጥ ያሉት ኮሮች በሙሉ መሸፈን አለባቸው። ለአንድ ፕሮሰሰር ከ8፣ ለአንድ ሰርቨር ደግሞ ከ16 ኮር በታች መግዛት ስለማይቻል ባለ 8 ኮር ማሽን ያለው ሰውም የ16 ይከፍላል። በሃይፐርትሬዲንግ የሚታየው እጥፍ ቁጥር ከሂሳብ አይገባም። ኮሮቹ በሙሉ አንድ ዙር ሲሸፈኑ ሁለት የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን የማስኬድ መብት ይገኛል። ሦስተኛ ካስፈለገ ሁሉንም ኮር እንደገና መሸፈን ነው፤ ያኔ እስከ አራት ይፈቀዳል። እኛ በምንገዛው ዓይነት ላይሰንስ ለአንድ ማሽን ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ግማሽ ዙር የለም።

በቀረበልን ማሽን ላይ ሦስት ዊንዶውስ ለማስኬድ እንግዲህ 24 ሲደመር 24፣ 48 ኮር ያስፈልጋል። ማቅረቢያው የያዘው 16 ነው። በዚያው ብንገዛ ኖሮ 8 ኮር ሳይሸፈን ስለሚቀር አንድ ዊንዶውስ እንኳን በአግባቡ ማስነሳት ባልቻልን።

ከዚያ አንድ አንዱን እየቀየርኩ አሰላሁ። ፕሮሰሰሩ ባለ 16 ኮር ሲሆን ሦስቱ ዊንዶውሶች 32 ይጠይቃሉ። ፋይል ሰርቨሩ ወደ ሊኑክስና ሳምባ (ከሊኑክስ ላይ ፋይል ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚያጋራ ፕሮግራም) ሲዛወር ደግሞ ዊንዶውሶቹ ሁለት ብቻ ስለሚሆኑ 16 ይበቃል። ከ48 ወደ 16 ወረደ፤ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። የጠፋብን ነገር ቢኖር የማንጠቀምበት 8 ኮር ነው። አሁን ያለው ማሽን አራት ኮር ብቻ ይዞ ቀኑን አብዛኛውን ከ20 በመቶ በታች ነው የሚሠራው።

ዳታሴንተር እትሙ የፈለግነውን ያህል ዊንዶውስ ይፈቅዳል፤ ለሁለት ማሽን ግን የሚታሰብ አይደለም። አልፌዋለሁ።

ውሳኔ፦ አንድ ሶኬት (አንድ ፕሮሰሰር)፣ 16 ኮር፣ ሁለት ዊንዶውስ፣ የቀረው ሊኑክስ።

ቀን 3

«አሮጌው ማሽን ላይ ያለውን ዊንዶውስ እንወስደዋለን» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ተነስቶ ነበር። አይሆንም። ከማሽኑ ጋር አብሮ የተሸጠ የኦኢኤም ላይሰንስ ነው፤ ከዚያ ማሽን ተነቅሎ ሌላ ላይ አይተከልም። ማሽኑ ሲሞት እሱም አብሮ ይሞታል። ይህንን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ በቃል የተባለ ነገር ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ካል ነው። የሰርቨሩ ላይሰንስ ሰዎች ሰርቨሩን የመጠቀም መብት አይሰጣቸውም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ካል ያስፈልጋል። የቢሮ ኮምፒውተሮቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ሰዎቹ 14። በመሣሪያ ብንቆጥር ዘጠኝ ይበቃል ብዬ ነበር። ግን ስድስት ሰዎች የራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ፣ ሲደመር 15 መሣሪያ ነው፤ ስልኮቹ ገና አልተቆጠሩም። በሰው 14 ይሻላል።

ፋይሉን ወደ ሊኑክስ ስላዛወርነው ካል የሚቀር የመሰለው ሰው ነበር። አይቀርም። ተጠቃሚው ማንነቱን የሚያረጋግጥለት የዊንዶውስ ዶሜይን ኮንትሮለር እስከሆነ ድረስ ዊንዶውስ ሰርቨርን እየተጠቀመ ነው። የካሉ ቨርዥን ደግሞ ከሰርቨሩ ቨርዥን እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ የድሮ ካል ለአዲስ ሰርቨር አያገለግልም። ሪሞት ዴስክቶፕ ለተጠቃሚዎች መክፈት ከተፈለገ ከዚህ በላይ ሌላ ካል አለው። ለጊዜው አንከፍተውም።

ቀን 4

የሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከሥር የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ምርጫ። በአጭሩ፦ ቀድሞ ቢሆን ሳላስብ ቪኤምዌር እል ነበር። ብሮድኮም በ2023 መጨረሻ ኩባንያውን ከገዛ በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለው ላይሰንስ ቀርቶ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ሆኗል፤ የቪኤምዌር ነፃ ሃይፐርቫይዘር ኢኤስኤክስአይም በ2024 መጀመሪያ ተቋርጦ በ2025 ተመልሷል። አምስት ማሽን ላለው ቤት እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር ላይ መቆም አልፈለግሁም።

የማይክሮሶፍት ሃይፐርቫይዘር ሀይፐር-ቪ ከገዛነው ዊንዶውስ ጋር ይመጣል፤ ታችኛው ዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከማስተናገድና ከማስተዳደር ሌላ ሥራ እስካልሠራ ድረስ ከሁለቱ መብት አንዱን አይበላም። ፋይል ሼር እንኳን እሱ ላይ ቢከፈት ሂሳቡ ይቀየራል። ጥሩ አማራጭ ነበር።

ፕሮክስሞክስን (በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሃይፐርቫይዘር) የመረጥኩት ዲስኩን በዜድኤፍኤስ (ዲስኮችን አጣምሮ የሚያስተዳድር የፋይል ሲስተም) ለማስተዳደር ስለፈለግሁና ከአምስቱ ማሽኖች ሁለቱን ራሴ ሊኑክስ ስለማደርጋቸው ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የተፈተነውን የአፕዴት ምንጭ ለማግኘት ግን በሶኬት የሚቆጠር ዓመታዊ ክፍያ አለው። አንድ ሶኬት መምረጣችን እዚህም ጠቀመን። ክፍያውን በበጀቱ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ የሂሳብ መዝገብ የሚቀመጥበት ማሽን ላይ ያልተፈተነ አፕዴት መጫን አልወድም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስመር አለብኝ፦ ሃይፐርቫይዘር መቀየር የዊንዶውስን ሂሳብ አይቀይርም። ዊንዶውሱ ፕሮክስሞክስ ላይም ቢቀመጥ የሚቆጠረው ያው 16 ፊዚካል ኮር ነው።

ከቀን 5 እስከ ቀን 12

ልኬት። አሮጌው ማሽን ላይ ፐርፎርማንስ ሞኒተርን ከፍቼ በየ15 ሰከንዱ የዲስክ ንባብና ጽሕፈት እንዲመዘግብ አደረግሁ። የወር መጨረሻ በመካከል እንዲያልፍ ሆን ብዬ ነው ቀኑን የመረጥኩት።

ከዚህ በፊት ዲስክ የሚባል ነገር ሲታቀድ የሚጠየቀው «ስንት ቴራባይት?» ብቻ ነበር። ለፋይሎቹ ጥያቄው ልክ ነው፤ 900 ጊጋባይት ናቸው፣ አብዛኞቹ ከተቀመጡ በኋላ የሚነካቸው የለም። የሂሳቡ ዳታቤዝ ግን 6.8 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ማሽኑን የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ዳታቤዙ የሚሠራበት ኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታውን የሚይዘው በ8 ኪሎባይት ገጾች ነው፤ ጽሕፈቱ ትንንሽና የተበታተነ ነው። የወር መጨረሻው ከሰዓት ላይ በሰከንድ እስከ 210 ጽሕፈት ደረሰ፤ ዲስኩ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ቁጥር ደግሞ ወደ 30 ወጣ። በዚያ ሰዓት የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን ሪፖርት አዝዘው ሌላ ሥራ ይጀምራሉ፤ እስኪመጣ መጠበቅን ለምደውታል። እኔም ለዓመታት ፕሮግራሙ ከባድ ስለሆነ ነው ብዬ አምን ነበር። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም።

የሁሉም ጽሕፈት ድምር በቀን በአማካይ 38 ጊጋባይት ነው። ይህን ቁጥር በኋላ እፈልገዋለሁ።

ቀን 13

አሁን የሬይድ 5ቱን ማቅረቢያ ከልኬቱ ጋር አስተያየሁት። በደቂቃ 7200 ዙር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በዘፈቀደ ንባብና ጽሕፈት በሰከንድ 80 ያህል ክንውን ይችላል። አራቱ 320። በሬይድ 5 እያንዳንዱ ትንሽ ጽሕፈት አራት የዲስክ ክንውን ያስከፍላል፦ አሮጌውን ዳታ ማንበብ፣ አሮጌውን ፓሪቲ (የጠፋ ዳታ መልሶ የሚሰላበት መረጃ) ማንበብ፣ ሁለቱንም መልሶ መጻፍ። 320 ለ4 ሲካፈል 80 ነው። እኛ የምንፈልገው 210። ሬይድ 10 (ሁሉንም በሁለት ዲስክ የሚጽፈው) ክፍያው ሁለት ብቻ ስለሆነ 160 ይሰጣል፤ እሱም አይደርስም። አስራ ስድስት ቴራባይት ገዝተን ያው ቀርፋፋ የወር መጨረሻ ይጠብቀን ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ቨርቹዋል ማሽኖቹ የሚቀመጡት ሁለት ባለ 1.92 ቴራባይት የሰርቨር ኤስኤስዲ ላይ፣ በሚረር (ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅጂ ይዘው)። ፋይሎቹ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ እነሱም በሚረር። ፕሮክስሞክስ ራሱ ሁለት ትንንሽ ኤስኤስዲ ላይ ለብቻው። ከአራቱ ሃርድ ዲስክ የቀሩት ሁለቱ ወደ አሮጌው ማሽን ይሄዳሉ፤ እሱ ሥራውን ሲያስረክብ የባክአፕ ማሽን ይሆናል።

ትክክለኛው ቦታ ስንት ነው? ሻጭ ቴራባይት የሚለው አንድ ትሪሊዮን ባይት ነው፤ ሲስተሙ ግን በ1024 እየቆጠረ ያሳያል። 1.92 ቴራባይት 1.75 ቴቢባይት ገደማ ይሆናል። ዜድኤፍኤስ ሲሞላ ስለሚዝል ከ80 በመቶ በላይ አላስገባውም፤ 1.4 ይቀራል። የማሽኖቹ ዲስክ ድምር፦ ዶሜይን ኮንትሮለር 80 ጊጋባይት፣ ሂሳብ 120 ለሲስተሙና 200 ለዳታው፣ የፋይል ሰርቨሩ ሲስተም 32፣ ክትትል 64፣ መሞከሪያ 100። 596 ጊጋባይት። ሁሉም ዲስኮች እስከ አፋቸው ቢሞሉ እንኳን ቦታ ይተርፋል። በሃርድ ዲስኩ በኩል 4 ቴራባይት 3.64 ቴቢባይት ነው፣ 80 በመቶው 2.9፤ ለ900 ጊጋባይት ፋይል ለዓመታት ይበቃል።

ኤስኤስዲው ስንት ጽሕፈት ይችላል ለሚለው የ38 ጊጋባይቱ ቁጥር እዚህ ገባ። በቀን አንድ ጊዜ ሙሉውን ለአምስት ዓመት መጻፍ የሚችል ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት በአጠቃላይ 3500 ቴራባይት ገደማ ይችላል። የእኛ በአምስት ዓመት 69 ቴራባይት ነው። ዜድኤፍኤስና ኤስኤስዲው ራሱ ጽሕፈቱን ብዙ እጥፍ ቢያበዙት እንኳን አይደርስም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚጻፍበትን ውዱን ዓይነት ከዝርዝሩ አወጣሁ። ያልተደራደርኩበት አንድ ነገር መብራት ድንገት ሲጠፋ በመንገድ ላይ ያለውን ዳታ ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው መሆኑ ነው። ሃርድ ዲስኮቹ ደግሞ ሲኤምአር (የጽሕፈት መስመሮቹ የማይደራረቡበት ዓይነት) እንዲሆኑ በትእዛዙ ላይ ጻፍኩ፤ መስመሮቹ የሚደራረቡበት ኤስኤምአር ዲስክ በዜድኤፍኤስ ውስጥ ተቀይሮ ዳታው እንደገና ሲሞላበት ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ዲስኮቹን ራሱ አጣምሮ እንደ አንድ የሚያቀርበው ሬይድ ካርድ ከትእዛዙ ወጥቷል። ዜድኤፍኤስ ዲስኮቹን በቀጥታ ማየት አለበት።

ቀን 15

የዳታቤዙ ላይሰንስ። አሁን የምንጠቀመው የቆየ ኤክስፕረስ እትም ነው። አዲሱ ላይ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ኤክስፕረስ ይሆናል፤ ነፃ ነው፣ ግን አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። እኛ 6.8 ላይ ነን። ካለፈ ስታንዳርድ መግዛት ነው፤ በኮር ከተቆጠረ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን ቢያንስ አራት ኮር ይጠይቃል። ያ ብቻውን ከዊንዶውሱ ወጪ ይበልጣል።

ዳታቤዙን ከፍቼ የትኛው ሠንጠረዥ እንደከበደ አየሁ። 4.1 ጊጋባይቱ ስካን የተደረገ ደረሰኝ ነው። ወደ ሂሳብ ክፍል ሄድኩ።

«እነዚህ ምስሎች ፕሮግራሙ ውስጥ የግድ መኖር አለባቸው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ደረሰኙን ከመዝገቡ ላይ ተጭኜ ማየት አለብኝ። የት እንደተቀመጠ ግን የእርስዎ ጉዳይ ነው» አሉኝ።

መልሱ ይኸው ነበር። ፕሮግራሙ አባሪዎችን በፎልደር የማስቀመጥ ምርጫ አለው፤ ማንም አብርቶት አያውቅም። ምስሎቹ ወደ ፋይል ሰርቨሩ ሲወጡ ዳታቤዙ ወደ 2.7 ጊጋባይት ይወርዳል። ለብዙ ዓመት የስታንዳርድ ነገር አይነሳም።

ኤክስፕረስ ከራም ለዳታ መያዣ የሚወስደው 1410 ሜጋባይት ነው። ለሂሳብ ማሽኑ የያዝኩት 16 ጊጋባይት ብዙ ነው፤ ወደ 8 አወረድኩት።

ቀን 30

ሰርቨሩ ገባ። ዲስኮቹን ሣጥን ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ሁሉም ያዘዝነው ነው።

ፕሮክስሞክስ ሲጫን ሁለት ነገር ላይ ቆም አልኩ። አንደኛው አሺፍት የሚባለው ነው፤ ፑሉ (ዜድኤፍኤስ የሚያጣምራቸው ዲስኮች ስብስብ) ሲፈጠር የሚወሰንና በኋላ የማይቀየር የብሎክ መጠን። 12 አደረግሁት፤ 4096 ባይት ማለት ነው። ሁለተኛው ዜድኤፍኤስ ለካሽ (የተነበበ ዳታን ቶሎ ለማግኘት) የሚይዘው ራም ነው። በሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ የማሽኑን ራም እስከ ግማሽ ይወስድ ነበር፤ ከፕሮክስሞክስ 8.1 ወዲህ ኢንስቶለሩ ራሱ ወደ 10 በመቶ ይገድበዋል። እኔ ጣሪያውን 8 ጊጋባይት አድርጌዋለሁ። ቨርቹዋል ማሽኖቹ በድምሩ 36 ይወስዳሉ፤ ከ64ቱ ለፕሮክስሞክስና ለወደፊት በቂ ይተርፋል። ለማሽኖቹ የሰጠሁት የራም ድምር ካለኝ እንዲበልጥ አልፈቅድም።

ማታ ላይ አንድ ሙከራ አደረግሁ። ለግል ኮምፒውተር የተሠራ ኤስኤስዲ ነበረኝ፤ ከአዲሶቹ ጋር በፊዮ (የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) አወዳደርኩት። ፈተናው ዳታቤዝ የሚያደርገው ዓይነት ነው፦ ትንሽ ይጽፋል፣ ዲስኩ «ተጽፏል» እስኪል ይጠብቃል፣ ቀጣዩን ይጽፋል። የግሉ በሰከንድ 600 አካባቢ ሰጠ። ካፓሲተር ያለው ከ20 ሺህ በላይ። በማስታወቂያው ላይ ሁለቱም ተቀራራቢ ፍጥነት ነው የሚጻፍላቸው። ልዩነቱ ካፓሲተር ያለው ዳታው ገና በራሱ ሜሞሪ ላይ ሳለ «ተጽፏል» ማለት መቻሉ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ጽፎ እንደሚጨርስ ያውቃል።

ቀን 31

ዊንዶውስ ስጭን ኢንስቶለሩ ዲስክ የለም አለኝ። ይጠበቃል፤ ዲስኩን በቨርትአይኦ ስካዚ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራ የዲስክ ማገናኛ) ስለሰጠሁት ዊንዶውስ ድራይቨሩን አያውቀውም። የቨርትአይኦ አይኤስኦውን በሁለተኛ ሲዲ አስገብቶ «ድራይቨር ጫን» ማለት ነው፤ ዲስኩ ወዲያው ብቅ አለ።

ለሂሳብ ማሽኑ አራት ቨርቹዋል ኮር ስሰጥ ፎርሙ ሶኬትና ኮርን ለየብቻ ይጠይቃል። አራት ሶኬት ባለ አንድ ኮር ብዬ ነበር የሞላሁት። ልጭን ስል ኤክስፕረስ የሚጠቀመው አንድ ሶኬት ወይም አራት ኮር፣ ከሁለቱ ያነሰውን እንደሆነ ትዝ አለኝ። እንደሞላሁት ብተወው ዳታቤዙ በአንድ ኮር ብቻ ይሠራ ነበር፤ ምንም ስህተት ሳያሳይ። አንድ ሶኬት ባለ አራት ኮር አደረግሁት።

ቀን 33

መሞከሪያው ላይ፣ ከገዛናቸው ሁለት መብቶች ውጪ ለሙከራ የሚሰጠውን የ180 ቀን ዊንዶውስ ጫንኩ። ዶሜይን ኮንትሮለሩንም በዚሁ ጀምሬ ቁልፉ ሲመጣ ወደ ስታንዳርድ ላዞረው አስቤ ነበር። ተራ ሰርቨር እንዲህ ይዞራል፤ ዶሜይን ኮንትሮለር ከሆነ በኋላ ግን አይዞርም፣ መጀመሪያ ከኮንትሮለርነቱ መውረድ አለበት። ቁልፉ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅሁ። አራት ቀን ምንም አይደለም።

ቀን 35

ሁሉንም ዲስክ በቲን ነው የፈጠርኩት፤ ቦታ የሚወስደው በእርግጥ ሲጻፍበት ብቻ ነው። ግን የተሰረዘው ይመለሳል ወይ? 60 ጊጋባይት ፋይል ወደ መሞከሪያው ገልብጬ ሰረዝኩት። በመሞከሪያው ውስጥ ዲስኩ ባዶ ነው፤ ከታች ፕሮክስሞክስ ላይ ስመለከት 60ው እዚያው ተቀምጧል። ፋይል ሲሰረዝ ሲስተሙ ማውጫውን ይሰርዛል እንጂ ታች ላለው ዲስክ «ይህን ቦታ አልፈልገውም» የሚለው መልእክት አልደረሰውም። በዲስኩ ቅንብር ላይ ይህን መልእክት ወደ ታች የሚያሳልፈውን ዲስካርድን አበራሁ፣ በዊንዶውሱ ውስጥ ድራይቮችን የማመቻቻውን ፕሮግራም አስኬድኩ፤ ቁጥሩ እያየሁት ወረደ። በሊኑክሶቹ ላይ ይህንኑ የሚሠራው ፍስትሪም ነው፤ በሳምንት አንዴ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ።

ይህ ያልበራባቸው ቤቶች ላይ የሚሆነውን አውቃለሁ። ፑሉ ቀስ እያለ ይሞላል፣ አንድ ቀን ጽሕፈት እምቢ ይላል፣ ያኔ የሚቆመው ቦታውን የጨረሰው ማሽን ብቻ አይደለም፤ በፑሉ ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ክትትሉ 70 በመቶ ላይ ኢሜይል እንዲልክልኝ አድርጌያለሁ፤ 80 ላይ ከሆነ ዘግይቷል።

ቀን 40፣ ቅዳሜ

ዝውውር። አዲሱን ዶሜይን ኮንትሮለር ከአሮጌው ጎን አስገብቼ ሚናዎቹን አስረከብኩት፤ አሮጌውን አወረድኩ። ፋይሎቹ በየቀኑ ሲገለበጡ ስለሰነበቱ ዛሬ የቀረው ልዩነቱ ብቻ ነበር። ከፋይሎቹ ይልቅ ፈቃዶቹ ጊዜ ወሰዱ፤ አንድ ፎልደር ላይ ከዓመታት በፊት የለቀቀ ሰው ስም ብቻውን ባለቤት ሆኖ ተገኘ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተጠናቀቀ።

ቀን 44

ሪስቶር፣ ማለትም ከባክአፕ መመለስ። ባክአፕ ወደ አሮጌው ማሽን ከገባ ሦስተኛ ሌሊቱ ነው። የሂሳብ ማሽኑን በሌላ ቁጥር መለስኩት። የተመለሰው ሲነሳ ሦስተኛ ዊንዶውስ ስለሚሆንና የእኛ መብት ሁለት ስለሆነ ዋናውን ከሥራ ሰዓት በኋላ አጥፍቼ ነው ያስነሳሁት፤ የኔትወርክ ገመዱንም ነቅዬ። የሂሳብ ኃላፊዋ ቆይተው ነበር፤ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከወረቀታቸው ጋር አመሳከሩ። ገጠመ። 23 ደቂቃ ፈጀ።

አሮጌው ማሽን ባክአፕ ከመያዝ አልፎ ችግር ሲመጣ ማሽኖቹን ሊያስነሳ ይችላል። ግን ዊንዶውሶቹ እዚያ ሲነሱ ላይሰንሱም አብሮ መሄድ አለበት፤ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ማዛወር ደግሞ በ90 ቀን አንዴ ነው፣ ዋናው ሰርቨር ፈጽሞ ተበላሽቶ ከሥራ ካልወጣ በቀር። ለአፕዴት ብሎ ወዲያ ወዲህ ማመላለስ አይፈቀድም። ይህን በትልቁ ጽፌ ሰርቨሩ በር ላይ ለጠፍኩት፤ እኔ በሌለሁበት የሚያነበው ሰው እንዲያውቅ።

ሦስተኛው ቅጂ በሳምንት አንዴ ኢንክሪፕት በተደረገ ተነቃይ ዲስክ ከሕንፃው ይወጣል።

ቀን 54

ከዝውውሩ በፊት የሂሳብ ማሽኑ ላይ ያነሳሁት ስናፕሾት (ዲስኩ በዚያ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ) እስካሁን አለ። 14 ቀን ሞላው፤ 31 ጊጋባይት ይዟል። ማሽኑ በየሌሊቱ ኢንዴክስ ይሠራል፣ የራሱን የዳታቤዝ ቅጂ በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ የተተካው እያንዳንዱ ብሎክ በስናፕሾቱ ተይዞ ይቀራል። ስናፕሾቱ በዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ቢሞት አብሮ ይሞታል፤ ባክአፕ ካለ በኋላ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ሰረዝኩት። ከእንግዲህ ስናፕሾት ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ ክትትሉ ያሳውቀኛል።

ቀን 57

ከኤስኤስዲዎቹ አንዱን ማሽኖቹ እየሠሩ መዝዤ አወጣሁት። ፑሉ ጎደሎ መሆኑን አሳወቀ፣ ኢሜይሉ ደረሰኝ፣ ማንም ምንም አላስተዋለም። መልሼ ስሰካው በመካከል የተጻፈውን ብቻ ሞልቶ በሰከንዶች ጨረሰ። ቀጥሎ ያንኑ ዲስክ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ዲስክ ተካሁት፤ በእርግጥ የተጻፈው 214 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ በ9 ደቂቃ ተሞላ። ሃርድ ዲስኮቹ ላይ ተመሳሳዩ ሰዓታት ይፈጃል፤ እሱን ለቅዳሜ ይዤዋለሁ።

ቀን 67፣ የወር መጨረሻ

ከሰዓት በኋላ ልኬቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ጽሕፈቱ እንደ በፊቱ ወደ 200 ወጣ፤ በሰልፍ የሚጠብቀው ግን ከ1 አላለፈም። 10 ሰዓት ላይ የሂሳብ ኃላፊዋ መጡ።

«ሪፖርቱ ወዲያው ወጣ። ሁሉንም መዝገብ ይዟል? ወይስ የቀረ አለ?»

አብረን ድምሩን ከባለፈው ወር መዝጊያ ጋር አያያዝነው። የቀረ የለም።

የፑሉ ሙሌት ዛሬ 13 በመቶ ነው።